ታላቁ ላፋዬት፣ ውሻው እና የተቆለፉት በሮች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚያ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ በዚህ የኤድንብራ ንፋስ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አስተባባሪዎቹ «ስለምንኖርባት ከተማ ታሪክ አንድ ነገር አውራን» ሲሉኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ነገሥታቱ ወይም ኮረብታው ላይ ስላለው ግንብ እንደማወራ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ምትሃተኛ ነው።

እናቶች፣ እባካችሁ አትደንግጡ። ጥንቆላ አይደለም፤ መናፍስት መጥራትም አይደለም። የዚህ ሰው ሥራ ገመድ፣ መስታወት፣ ልብስ፣ መብራትና ቅልጥፍና ነው። ሕዝቡም ይህን እያወቀ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዓይኑ እያየ ለመታለል ወዶ የሚገባበት ጥበብ ነው። እኔ አገር ቤት ሳለሁ በመድረክ መብራት ሥራ ነው እንጀራ የበላሁት፤ እዚህም ከመጣሁ በኋላ በቴአትር ቤት በር ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማወራላችሁ ስለ ሙያዬ ሰው ነው፤ ጉዳዩም አንጀቴን የሚበላኝ ጉዳይ ነው።

ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ስታልፉ ፊቱ በመስታወት የተሠራ ትልቅ ቴአትር ቤት ታያላችሁ አይደል? ፌስቲቫል ቴአትር። ዛሬ በዚህ ስም የምናውቀው ከ1994 ወዲህ ነው። ቀድሞ እዚያው ቦታ ላይ በ1892 የተከፈተው ኤምፓየር ፓላስ ቴአትር ነበር። ታሪኩ የሆነው እዚያ ነው። በአውቶቡስ ስናልፍ አንገታችንን እንኳ ዞር አናደርግም!

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሰውዬው ማን ነበር? ሁለተኛ፣ በግንቦት 9 ቀን 1911 ማታ ምን ሆነ? ሦስተኛ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቀሩትስ? ቀኑንና ዓመቱን ሁሉ የምናገረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ። የትውልድ ስሙ ሲግሙንድ ኖይበርገር ነው። በ1871 ጀርመን አገር፣ ሙኒክ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እንግዲህ ስደተኛ ነው፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ። መድረክ ላይ ሲወጣ በምትሃት አልጀመረም፤ በቀስት ዒላማ እየመታ ነበር ሕዝብ የሚያዝናናው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ቺንግ ሊንግ ፉ የሚባል ቻይናዊ ምትሃተኛ አሜሪካን ጉድ አሰኘ። ባዶ ከሚመስል ጨርቅ ሥር ውሃ የሞላ ትልቅ ሳህን ያወጣ ነበር። የእኛ ሰው ይህን አየ፣ አስመሰለ፣ አሳደገ። ስሙንም ቀይሮ «ታላቁ ላፋዬት» ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ስም መቀየሩን አትናቁበት። የቅርብ ወዳጁ ሃሪ ሁዲኒ፣ ያ ከሰንሰለትና ከካቴና በማምለጥ ዓለም ያወቀው ሰው፣ እርሱም ቡዳፔስት የተወለደ ስደተኛ ነበር፤ እርሱም ስሙን የቀየረ ነበር። ሁለት የስደተኛ ልጆች ናቸው፣ ምንም ሳይኖራቸው ተነስተው የዘመናቸውን መድረክ የተቆጣጠሩት። ወጣቶች፣ ይህን ያዙልኝ።

ላፋዬት ወደ እንግሊዝ ሲመጣ በሙያው ከሁሉም በላይ ከሚከፈላቸው አንዱ ሆነ። በዓመት 44,000 ፓውንድ ያህል ያገኝ ነበር ይባላል። በዚያን ዘመን! ቡድኑ ብዙ ነው፤ ተዋንያን፣ ሙዚቀኞች፣ ፈረስ፣ አንበሳ። ሠራተኞቹን እንደ ጦር ሠራዊት ነበር የሚያስተዳድራቸው። መንገድ ላይ ሲያገኙት እንደ ወታደር እጃቸውን አንስተው ሰላምታ እንዲሰጡት ያስገድዳቸው ነበር። ከሰው ጋር ብዙም አይግባባም፤ ከሙያ ባልደረቦቹም የሚወደው ጥቂት ነበር።

የሚወደው ማንን ነበር? ውሻውን!

አዎ፣ ውሻውን። ስሟ ቢውቲ ነው፤ ገና ቡችላ ሳለች የሰጠው ያው ሁዲኒ ነው። ይህች ውሻ አልማዝ ያለበት የአንገት ማሰሪያ ነበራት። ለጉዞ በባቡሩ ውስጥ የራሷ ክፍል ይዘጋጅላት ነበር። ሆቴል ሲያርፉ የራሷ ክፍል፣ ማዕድ ሲቀርብ የራሷ ማዕድ። ለንደን ቤቱ በር ላይ «ወይኔን ጠጡ፣ ምግቤን ብሉ፣ አሽከሮቼን እዘዙ፤ ውሻዬን ግን አክብሩ» የሚል ጽሑፍ ነበር ተብሎ ይነገራል። ቼክ ሲፈርም እንኳ ቼኩ ላይ የርሷ ሥዕል ነበረበት ይላሉ።

አያችሁ፣ ፊታችሁ ሲለወጥ አያለሁ። እኛ «ውሻ» ብለን የምንሳደብ ሕዝብ ነን። ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። አገሩን የተወ፣ ስሙን የተወ፣ ሚስትና ልጅ ያልያዘ፣ ከከተማ ከተማ በሆቴል የሚኖር ሰው ነው። ማታ ጭብጨባው ሲያልቅ በር ላይ ማን ይጠብቀዋል? እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ስደት ላይ ብቻውን ኖሮ የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም።

በግንቦት 1911 መጀመሪያ ኤድንብራ ገብቶ ትዕይንቱን እያሳየ ሳለ ቢውቲ ሞተች። ከልክ በላይ እየበላች ነበር ይባላል፤ በፍቅር ብዛት ነው እንግዲህ። ላፋዬት ሰማይ ተደፋበት። አስከሬኗን በመድኃኒት አስጠብቆ በፒርስሂል መካነ መቃብር በክብር ልትቀበርልኝ ይገባል አለ። የሰው መቃብር ነው፤ እንዴት ውሻ ይቀበርበታል? በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ግዴታ ነው፦ እርሱም ሲሞት እዚያው እንዲቀበር። እሺ አለ። መቼ እንደሚሆን ግን ማን ያውቃል? ገና 40 ዓመቱ ነበር።

አሁን ሁለተኛው ነገር። ያ ምሽት።

ማክሰኞ ነበር። ቴአትር ቤቱ ሞልቷል፤ 3,000 ያህል ሰው። የመጨረሻው ትዕይንት «የአንበሳው ሙሽራ» የሚባለው ዝነኛ ሥራው ነው። ይህን ትዕይንት በደንብ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ውስጥ ነውና።

መድረኩ በምሥራቅ አገር አዳራሽ አምሳል ያጌጠ ነው። ምንጣፍ፣ የሐር መጋረጃ፣ የተንጠለጠሉ ፋኖሶች። መሀል ላይ የብረት ቀፎ፣ ውስጡ እውነተኛ አንበሳ ይንጎራደዳል። እሳት የሚውጡ፣ ዕቃ ወደ ላይ እየወረወሩ የሚቀልቡ ሰዎች ይተረማመሳሉ። አንዲት ልጃገረድ ወደ አንበሳው እንድትገባ ተፈርዶባታል። በዚህ መሀል ላፋዬት የጦር ልብስ ለብሶ፣ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ እየጋለበ ይገባል። ልጅቱ ቀፎው ውስጥ ትገባለች፤ አንበሳው ሊዘልባት በኋላ እግሩ ይቆማል፤ ሕዝቡ ይጮኻል። በዚያች ቅጽበት የአንበሳው ቆዳ ይቀደድና ከውስጡ ማን ይወጣል? ላፋዬት! በፈረስ ላይ ያያችሁት ላፋዬት!

እንዴት ሆነ? ሙያዊ ምስጢሩን ብነግራችሁ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚከፋው አይኖርም። እርሱን የሚመስል ሰው ነበረው። ያው ቁመት፣ ያው ልብስ፣ ያው አለባበስ። ሕዝቡ «ያውላችሁ ላፋዬት» እያለ የሚያየው ሰው ላፋዬት አልነበረም፤ እውነተኛው ሌላ ቦታ ሆኖ ይዘጋጅ ነበር። ስለዚህ የትዕይንቱ ምሰሶ ያ ሰው ነው። ያ ሰው ግን ጭብጨባ አይቀበልም፤ መኖሩም መታወቅ የለበትም። መኖሩ ከታወቀ ምትሃቱ የለምና። ይህን ሰው ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማታ ወደ አምስት ሰዓት ሲሆን ትዕይንቱ ሊያልቅ ተቃርቧል። ከተንጠለጠሉት ፋኖሶች አንዱ መድረኩን አቃጠለው። ሐር፣ ሸራ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፤ በአንድ አፍታ ነበልባል ሆነ። ሕዝቡስ? ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ያያል! እሳት የሚውጡ ሰዎችን ሲያይ አምሽቷል፤ ይህም የትዕይንቱ አካል መሰለው።

ያን ጊዜ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ በመድረኩና በታዳሚው መሀል የብረት መጋረጃ ወረደ። ሁለተኛ፣ ኦርኬስትራው «እግዚአብሔር ንጉሡን ያድን» የሚለውን ብሔራዊ መዝሙር መታ። በዚያ ዘመን ቴአትር ሲያልቅ የሚመታው እርሱ ነበር፤ መዝሙሩ ሲሰማ ሰው ቆሞ፣ ኮቱን ይዞ ወደ በሩ ያመራል። 3,000 ሰው በሦስት ደቂቃ ያህል ውስጥ ወጣ። ከታዳሚው አንድም ሰው አልሞተም። አንድም!

ይህ የብረት መጋረጃ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁኝ። በ1887 በእንግሊዟ ኤክሰተር ከተማ ቴአትር ቤት ተቃጥሎ 186 ሰው አልቋል። ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ የጠበቀው፤ የእሳት መከላከያ መጋረጃ፣ መውጫ በር እየተባለ። በ1903 ደግሞ በአሜሪካ ቺካጎ፣ በኢሮኳ ቴአትር ከ600 በላይ ሰው ሞተ፤ መጋረጃው መንገድ ላይ ተይዞ አልወርድ አለ፣ በሮቹም የተቆለፉ ነበሩ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የኤድንብራን 3,000 ሰው ያዳነው በእነዚያ ሰዎች ሞት የተጻፈ ሕግ ነው። እዚህ አገር ቴአትር ስትገቡ በዕረፍት ሰዓት ያ ከባድ መጋረጃ ወርዶ ሲወጣ አይታችኋል? ለጌጥ አይደለም። እንደሚሠራ በታዳሚው ፊት ለማሳየት ነው። እኔ በሩ ላይ ስሠራ ሁልጊዜ እቆጥረው ነበር፣ ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጅበት። ልማድ ሆኖብኝ አሁንም እቆጥራለሁ።

እንግዲህ መጋረጃው ወረደ። ታዳሚው ወጣ። ግን እናስተውል፤ መጋረጃው ሲወርድ እሳቱን የዘጋው ከማን ጋር ነው?

ከጀርባ ያሉት በእሳቱ ውስጥ ቀሩ። ላፋዬት ደግሞ ተፎካካሪ ምስጢሬን ያይብኛል፣ ይሰርቅብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ከመድረኩ የሚያስወጡትን የጎን በሮች ማስቆለፍ ልማዱ ነበር። ያን ማታም ተቆልፈው ነበር። እርሱ ራሱ ወጥቶ ነበር፤ ፈረሱን ላድን ብሎ ተመልሶ ገባ ይላሉ ያዩት። አልተመለሰም። ፈረሱም፣ አንበሳውም፣ ከቡድኑም አሥር ያህል ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ አንዷ የአሻንጉሊት ድብ ልብስ ውስጥ ገብታ የምትጫወት ልጅ እግር ነበረች። ሰውነቷ ትንሽ ስለነበር ነው ለዚያ ሥራ የተቀጠረችው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የኔን ታሪክ ነው።

አገር ቤት ወጣት ሳለሁ ለበዓል በተዘጋጀ ትዕይንት ላይ መብራት እይዝ ነበር። አዳራሹን ልተወው፤ ስሙ አይጠቅመንም። ትኬት ያልቆረጠ ሰው በጓሮ እየሾለከ ስለሚገባ የኋላውን በር በሰንሰለትና በትልቅ ቁልፍ ዘጉት። ትዕይንቱ እየተካሄደ ሳለ ከበላዬ ካለው መብራት ላይ የፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ጭስ፤ ቀጥሎ የጎኑ ጥቁር መጋረጃ ጫፉ በቀይ መስመር መብላት ጀመረ። ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ነው ወደ ላይ የሚሄደው። ስድስት ሰባት ሆነን ወደ ኋላ በር ሮጥን። ሰንሰለቱን ጨብጬ የነቀነቅሁበት እጄ ዛሬም ይታወሰኛል። ቁልፉ የት ነው? ቁልፉ የያዘው ሰው ፊት ለፊት ትኬት ይቆርጣል!

መጋረጃ የሚስቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽዬ ነበር የምንላቸው። እርሳቸው አልሮጡም። መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከነማንጠልጠያው ገንጥለው አወረዱትና በጋቢያቸው ደፈኑት። ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ታዳሚውም ምንም ሳያውቅ አጨብጭቦ ወጣ። በማግስቱ ግን ሰንሰለቱ እዚያው በሩ ላይ ነበር። ጋሽዬ ስለ ሰንሰለቱ ሲናገሩ የሰማቸው የለም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ልጅ ሲቀጠር ገመድ ከማስያዛቸው በፊት እጁን ይዘው በሮቹን ሁሉ ያሳዩት ነበር።

ስለዚህ የላፋዬትን በሮች ሳነብ ለኔ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። ጥበቡን እወደዋለሁ። ለፈረሱ ሲል ወደ እሳት መመለሱ ልቤን ይነካዋል። ግን ልንገራችሁ፣ ያ ቁልፍ በርሱ ላይ ነው። ምስጢር የሚጠበቅበት ሌላ ብዙ መንገድ አለ፤ ሰው ግን ከውስጥ ተቆልፎበት የሚወጣበት ሌላ መንገድ የለውም። ይህን ሳልናገር ታላቅነቱን ብቻ ባወራ እነዚያን ሟቾች እበድላለሁ።

ሦስተኛው ነገር። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚገርመው።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ የላፋዬት አስከሬን ተገኘ። ልብሱ የርሱ ነው፣ ቦታው የርሱ ነው። ስሙ ተጻፈበት፤ እንዲቃጠልም ወደ ግላስጎው ተላከ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለ። የላፋዬት ጠበቃ ግን «ቀለበቶቹስ?» አለ። ላፋዬት ቀለበት የማይለየው ሰው ነበር፤ በተገኘው አስከሬን ጣት ላይ ግን አልነበረም። ከቀናት በኋላ ፍርስራሹን የሚያነሱ ሠራተኞች ከመድረኩ ሥር ሌላ አስከሬን አገኙ። ያው ልብስ። ጣቱ ላይ ቀለበቶቹ አሉ። እውነተኛው ላፋዬት ይህ ነበር።

የመጀመሪያውስ? ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ሰው ነዋ! ላፋዬትን መስሎ እንዲታይ የሚከፈለው ሰው!

ወገኖቼ፣ ጋዜጦቹ ያን ጊዜ ይህን እንደ አስገራሚ ወሬ ነው ያወሩት፤ «ምትሃተኛው ሞቶም አታለለን» እያሉ። እኔ ከዚያ ወገን ማየት አልችልም። እኔ የማየው ያንን ሠራተኛ ነው። በሕይወት ሳለ ሥራው በሌላ ሰው ስም መታየት ነበር፤ ሞቶም በሌላ ሰው ስም ተሸኘ። እናቱ፣ ወንድሙ፣ የሚያውቀው ሰው በዚያ ሰዓት የት ብሎ ይፈልገው ነበር? ላፋዬት ተብሎ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ሳለ? በመድረክ ሥራ ያለፍን ሰዎች ይህ ያመናል። መብራት የያዘው፣ ገመድ የሳበው፣ ድብ ውስጥ የገባችው ስማቸው በማስታወቂያው ላይ አይወጣም።

የቀብሩን ነገር ደግሞ ስሙ። ግንቦት 14 ቀን የኤድንብራ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞላ። የላፋዬት አመድ ወደ ፒርስሂል ተወሰደ። እዚያ ቢውቲ ሣጥኗ ውስጥ ተቀምጣለች። የአመዱን ማሰሮ በሁለቱ የፊት እግሮቿ መሀል አስቀመጡት። ከቀናት በፊት የፈረመባት ግዴታ ተፈጸመች። እማማ፣ ሲያማትቡ አየሁዎት! ልክ ነዎት፣ ለኛ ይከብዳል። ግን የሆነው ይኸው ነው፤ መቃብራቸውም እስከ ዛሬ አለ፣ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ቴአትር ቤቱስ? መድረኩ ወደመ እንጂ የታዳሚው አዳራሽ መጋረጃው ስለጠበቀው ተርፎ ነበር፤ በወራት ውስጥ ተጠግኖ ዳግም ተከፈተ። ሕዝቡም ተመልሶ ገባ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለሠርግ አዳራሽ እንከራያለን። ሰው ይበዛል፣ ሻማ ይበራል፣ ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ጓዳ ውስጥ እናቶች ወጥ ያሞቃሉ። ወንበር ሲተርፈን የት ነው የምንቆልለው? የኋላ በሩ ላይ! አይደለም እንዴ? ዛሬ እንኳ ስገባ አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ለምኛችኋለሁ፣ ቀጣዩ በዓል ላይ ሁለት ወጣቶች ሥራቸው ይህ ብቻ ይሁን፤ ሰው ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን በር ገፍተው ከፍተው ይዩ። በተለይ የጓዳውን። ፊት ለፊት ያለነው እንወጣለን፤ ወጥ የሚያሞቁት እናቶች በየት ይወጣሉ?

ወደ ፒርስሂል አብረን ሄደን መቃብሩን ለማየት ከአስተባባሪዎቹ ጋር ተነጋግረናል። ቅዳሜ ነው፤ መሄድ የምትፈልጉ በር ላይ ባለው ወረቀት ስማችሁን ጻፉ። ልጆች ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የውሻዋን ታሪክ ይወዱታል። የሌሎቹን ደግሞ እዚያው እነግራቸዋለሁ።

ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ፤ መጀመሪያ ግን እነዚያን ወንበሮች ከበሩ እናንሳ።